ዛሬ በሳይክል የት እንሂድ? ለጀማሪዎች ቅርብ ቅርቡን

ዛሬ ከክፍል ወጣ ብለን ትንሽ ነፋስ እንቀበል ብለናል። የምናወራው ስለ ብስክሌት ነው፤ በየሰፈራችን “ሳይክል” ስለምንለው። ሚዛን እንዴት እንደሚጠበቅ ወይም የትኛው ሳይክል እንደሚሻል ግን አንነግራችሁም። የምናነሳው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፦ “እሺ፣ መንዳቱንስ ቻልኩ። አሁን የት ልሂድ?”

ጥያቄው ቀላል ይመስላል አይደል? ግን መልሱ ብዙ ነገር ይወስናል። ጀማሪው ሳይክሉን ይወደዋል ወይስ ይተወዋል? በሰላም ገብቶ ይወጣል ወይስ ከከባድ መኪና ጋር ይጋፋል? ቤተሰብ “ሂድ፣ ሂጂ” ይላል ወይስ ይከለክላል? ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚያያዘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚመረጠው መድረሻ ጋር ነው። እስቲ ነገሩን አብረን እንየው።

ሳይክሉ ለምን ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል?

ሁለት ተማሪዎችን በሐሳባችን እንውሰድ። ሁለቱም ሐዋሳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሁለቱም መንዳት ከቻሉ ገና ሳምንታቸው ነው። የመጀመሪያው ልጅ ጎበዝ ነጂ የሆኑ ጓደኞች አሉት። “ሻሸመኔ ደርሰን እንመለስ፤ ምን አላት!” ይሉታል። እሱም ፈሪ እንዳይባል “እሺ” ይላል። ሁለተኛዋ ልጅ ግን ከቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ወደምትርቅ የጥናት ጓደኛዋ ዘንድ ትሄዳለች፤ ሁለት ሰዓት አጥንታ ትመለሳለች። በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሁ ታደርጋለች።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አንድ ጀማሪ በከተማ ውስጥ ሲነዳ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል ብንል፣ ልጁ ያለ እረፍት አምስት ሰዓት ሊነዳ ነው ማለት ነው! ያውም ከባድ መኪናና አውቶቡስ በሚርመሰመስበት ዋና አውራ ጎዳና ላይ። ቢደርስ እንኳ መቀመጫው ቆስሎ፣ ጉልበቱ ዝሎ ነው የሚመለሰው። በማግሥቱ ሳይክሉን ዞር ብሎ ላያየው ይችላል።

ልጅቷስ? በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ደርሶ መልስ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ በድምሩ አንድ ሰዓት ነድታለች። ደክሟት አያውቅም። የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። ፍሬን የምትይዝበትን፣ የምትታጠፍበትን ቦታ ታውቀዋለች። ከወር በኋላ ማንኛቸው ብስክሌት ነጂ ሆነው የሚገኙ ይመስላችኋል?

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ለጀማሪ የሚያስፈልገው ረጅም መንገድ ሳይሆን፣ ምክንያት ያለው ቅርብ መድረሻ ነው። እንዲህ ዓይነት መድረሻ ደግሞ ከምታስቡት በላይ በሰፈራችሁ ሞልቷል፤ መፈለግ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

“ቅርብ” ማለት ስንት ነው?

ለጀማሪ ርቀትን በኪሎ ሜትር ከመለካት በደቂቃ መለካት ይቀላል። ለመጀመሪያው ወር ሩብ ሰዓት፣ ማለትም 15 ደቂቃ ይበቃል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በ15 ደቂቃ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። “ይህችማ ምን አላት?” እንዳትሉ! በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራመድ ሰው በዚያው 15 ደቂቃ የሚደርሰው አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሒሳብ ትምህርታችሁን አስታውሱ። የክብ ስፋት የሚገኘው ሬዲየሱን በራሱ አባዝቶ በፓይ በማባዛት ነው። ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በእግራችሁ በሩብ ሰዓት የምትደርሱበት አካባቢ 5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ በሳይክል የምትደርሱበት 20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ሳይክል የያዘ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ሰፈሩ አራት እጥፍ ሰፋለት ማለት ነው።

ይህን በወረቀት ላይ መሥራት ትችላላችሁ። የከተማችሁን ካርታ ፈልጉ፤ ከሌለ ከስልክ ላይ አይታችሁ በእጃችሁ ንደፉት። ቤታችሁን በነጥብ አመልክቱ። ከዚያ በኮምፓስ ወይም በክርና በእርሳስ ክብ ሥሩ። በካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ማለት ከሆነ፣ ክቡን በ5 ሴንቲ ሜትር ሳይሆን በ4 ሴንቲ ሜትር ሥሩት። ለምን መሰላችሁ? ክቡ የሚለካው አሞራ እንደሚበርረው ቀጥታውን ነው፤ መንገድ ግን ይጠማዘዛል። በቀጥታ ሁለት ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ በመንገድ ሲኬድ ሁለት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ክቡን ከሠራችሁ በኋላ ውስጡ ያለውን ሁሉ ዘርዝሩ፦ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ኳስ ሜዳ፣ መናፈሻ፣ ወንዝ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የአክስት ቤት፣ የጓደኛ ቤት። አሥር ቦታ ሳትሞሉ አትቀሩም። ይህ ዝርዝር የመጀመሪያ ወራችሁ የጉዞ መዝገብ ነው።

ጥሩ መድረሻ በምን ይታወቃል?

ክቡ ውስጥ ያለ ቦታ ሁሉ ግን ለጀማሪ ይሆናል ማለት አይደለም። ከመምረጣችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ እዚያ ምን ልሠራ ነው? ደርሳችሁ የምትሠሩት ነገር ካለ ጉዞው ትርጉም ያገኛል። እናት ዳቦ ብታዝ፣ መጽሐፍ ብትመልሱ፣ ከጓደኛ ጋር ብታጠኑ፣ ኳስ ብታዩ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ ብታርፉ፤ ሁሉም ምክንያት ነው። እንዲያውም የቤት ውስጥ መልእክት ጥሩ መነሻ ነው። “ስኳር ገዝተህ ና” ስትባሉ ማጉረምረም ቀርቶ ሳይክሉን ማውጣት ይጀመራል።

ሁለተኛ፣ ሳይክሉን የት አቆመዋለሁ? ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። ጥበቃ ያለበት ግቢ፣ የምታውቁት ሱቅ በር ወይም ከዓይናችሁ የማይርቅ ቦታ መኖር አለበት። ቁልፍ ያለው ሰንሰለት ካላችሁ ጎማውን ብቻ ሳይሆን የሳይክሉን አካል ከማይነቀል ብረት ጋር እሰሩት። ጎማው ብቻ ከታሰረ ጎማውን ትቶ ሌላውን የሚወስድ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ በመንገዱ ላይ ሰው አለ? ጎማ ቢተነፍስ፣ ቢወድቁ፣ ዝናብ ቢመጣ የሚረዳ ሰውና የሚያስጠልል ቤት ያለበት መንገድ ለጀማሪ ይሻላል። ጎሚስታ ወይም ሳይክል ጠጋኝ በመንገዱ ላይ ካለ ደግሞ እሰየው ነው።

አራተኛ፣ መመለሻው እንዴት ነው? ይህን ለብቻው እንመለስበታለን።

ሐዋሳን ለምሳሌ

ሐዋሳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ መሬቷ በአብዛኛው ሜዳ የሆነ፣ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ከተማ ናት። ሳይክልም በከተማዋ እንግዳ አይደለም። ለጀማሪ የተመቸች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መነሻችንን መሐል ከተማ፣ ገብርኤል አደባባይ እናድርግ። አደባባዩ ራሱ ለጀማሪ ልምምድ አይሆንም፤ ባጃጁም ሚኒባሱም እዚያው ነው የሚዞረው። ስለዚህ ከሳይክል ወርዳችሁ፣ እየገፋችሁ እንደ እግረኛ ተሻገሩና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ አቅኑ።

የመጀመሪያው ደረጃ ፍቅር ሐይቅ ነው። ከአደባባዩ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መድረሻውም ደስ ይላል። ጀልባዎቹን አይታችሁ፣ ጥላ ሥር አርፋችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። የሲዳማ ሕዝብ የፍቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበርበት ጉዱማሌም በከተማዋ ውስጥ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈሩን ታውቁ ይሆናል። በበዓሉ ሰሞን ግን ሰው ስለሚበዛ በእግር መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ደረጃ አሞራ ገደል ነው። በሐይቁ ዳር የሚገኘው ይህ የዓሣ ገበያ በጠዋት ነው የሚያምረው። ዓሣ አጥማጆች ያደሩበትን ይዘው ይመጣሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ረጅም እግራቸውን ተክለው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ዝንጀሮ መሳዮቹ ጦጣዎችም አይጠፉም። የባዮሎጂ ደብተር ይዛችሁ ብትሄዱ አታፍሩም። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ ይገኛሉ፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለክፍል የሚሆን ትንሽ ጥናት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ የታቦር ተራራ ግርጌ ነው። “ግርጌ” ያልነው ሆን ብለን ነው። ሳይክሉን ጥበቃ ባለበት ቦታ አቁማችሁ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ሽቅብ በእግር ውጡ። ከላይ ሆናችሁ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ስታዩ፣ ሰሞኑን በሳይክል የተመላለሳችሁባቸው መንገዶች እንደ ካርታ ተዘርግተው ይታያሉ።

አራተኛውን ግን ለኋላ አቆዩት፤ ጥቁር ውኃ። ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ወደ ሐይቁ የሚገባው ይህ ወንዝ የሚገኘው በከተማዋ ሰሜናዊ መግቢያ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውኃ ግን ይገባበታል። ለጂኦግራፊ ትምህርት ድንቅ ቦታ ነው። ችግሩ መንገዱ የአዲስ አበባ አውራ ጎዳና መሆኑ ነው። ከባድ መኪና ይበዛዋል። ስለዚህ በሌሎቹ ቦታዎች ለወራት ከተለማመዳችሁ በኋላ፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር ብቻ የሚሞከር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ሰው በሌለበት የሐይቅ ዳርቻ መንዳት ጀብድ ሳይሆን ሞኝነት ነው።

የእኛ ከተማስ ሜዳ ካልሆነች?

“ሐዋሳዎችማ ታድለዋል፤ እኛ ዳገት ላይ ነን” የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን ዘዴ አለው። አዲስ አበባን ተመልከቱ። በስተ ሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከተማዋ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ በሄደች ቁጥር ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ሜክሲኮ ስትወርዱ “እንዴት ጎበዝ ነኝ!” ትላላችሁ፤ ስትመለሱ ግን ዳገቱ ይጠብቃችኋል። ደክሞ ዳገት መውጣት ደግሞ ጀማሪን ያስመርራል።

ዘዴው ይኸውላችሁ፦ ዳገቱን በመሄጃ፣ ቁልቁለቱን በመመለሻ አድርጉት። ለምሳሌ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖር ተማሪ በአምስት ኪሎ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ ቢወጣ አጭር መንገድ ነው። በመሐሉ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የምትታወቅበት ቤት ነው። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። የታሪክ ትምህርት በእግረ መንገድ ማለት ይህ ነው። መንገዱ መኪና የሚበዛበት በመሆኑ ግን እሁድ በማለዳ ወይም ልዩ መስመር ባለበት በኩል ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ በተለያዩ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር አስገኝቷል። ከቤታችሁ አጠገብ እንዲህ ያለ መስመር ካለ፣ መስመሩ ራሱ መድረሻ ሊሆናችሁ ይችላል፦ ከጫፍ ጫፍ ሄዶ መመለስ።

በመመለሻ ቁልቁለት ላይ ግን ጥንቃቄ! ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የፊዚክስ መምህራችሁን ጠይቁ። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያላችሁ ያዙ፤ የፊቱን ብቻ ድንገት መያዝ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል።

ነፋስም እንደ ዳገት ነው። እንደ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉ የሐይቅ ዳር ከተሞች ቀን ቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለው ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ስትነዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ስትመለሱ ግን ከጀርባ ይገፋችኋል። ደግ ነገር ነው። ከሐይቁ ወደ ውጪ ከሄዳችሁ ግን የተገላቢጦሽ ነውና አስቡበት።

መንገዱን በእግር ቅደሙት

መድረሻው ተመረጠ እንበል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ታክሲ የሚሄድበት መንገድ ለሳይክል የሚሻለው መንገድ ላይሆን ይችላል። በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ሲኬድ ትንሽ ይነቀንቃል፤ ግን ከአስፋልቱ ጥድፊያ ያድናል። ስለዚህ አንድ ቀን በእግራችሁ ሄዳችሁ መንገዱን አጥኑት። የሚከተሉትን አስተውሉ፦

• ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ስንት ነው? በአገራችን መኪና የሚነዳው ቀኙን ይዞ ስለሆነ፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ መሐል መንገድ መግባት ግድ ይላል። ለጀማሪ አደገኛው ይህ ነው። ወደ ግራ መታጠፊያ ሲደርስ ወርዶ፣ ሳይክሉን እየገፉ በእግረኛ ማቋረጫ መሻገር ነውር የለውም።

• የቆሙ መኪኖች አሉ? በሩን ድንገት የሚከፍት ሾፌር አይታጣም። ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ያህል ራቁ።

• ባጃጅና ሚኒባስ ተሳፋሪ የሚጭኑት የት ላይ ነው? እዚያ ሲደርስ ፍጥነት መቀነስ ነው።

• ጉድጓድ፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ፣ አሸዋ፣ የሚያባርር ውሻ የት የት አለ? በተለይ ከዝናብ በኋላ ኩሬ የሸፈነው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር እናስምርበት። አንዳንድ ልጆች ዳገት ላይ የከባድ መኪና ኋላ ይዘው ሲጎተቱ ታያላችሁ። ጓደኞቻቸውም ያጨበጭባሉ። ሾፌሩ ግን አያያቸውም። ፍሬን ቢይዝ ወይም ቢታጠፍ የሚቀጥለውን መገመት አያቅታችሁም። “ሁሉም እኮ ያደርገዋል” የሚለው ቃል ማንንም ከጎማ ሥር አላዳነም። እምቢ ማለት ጉብዝና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መመለስንም ቁጠሩ

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው መሄጃውን ብቻ ነው። ጉልበታችሁ ግማሽ ሳይደርስ ተመለሱ የሚባለው ለዚህ ነው። “አሁን ትንሽ ደከመኝ” ካላችሁ መመለሻ ሰዓቱ ያለፈው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ነው ማለት ነው።

ሰዓቱንም ተመልከቱ። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ቶሎ ይጨልማል። መብራት የሌለው ሳይክል ከ12 ሰዓት በፊት ቤት መግባት አለበት። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለሚጠና ጠዋት ይመረጣል። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን እንደ ደረቁ አይዝም።

ከመውጣታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ንገሩ። የአካባቢያችሁን የዕለቱን ሁኔታም ጠይቁ፤ ሰላም ያልሆነ መንገድ ባጭሩም ቢሆን አይሞከርም። በኪሳችሁ ጥቂት የባጃጅ ብር አትጡ፤ ካላማዳሪያው ቢቀደድ እየገፋችሁ ከመምሸት ያድናችኋል።

ሴቶች እህቶቻችንስ?

ሳይክል የወንድ ነው የሚል ሰው እስከ ዛሬ አለ። ከዚያም አልፎ “ሴት ልጅ ሳይክል ከነዳች ድንግልናዋን ታጣለች” የሚባል ወሬ በየሰፈሩ ይነገራል። እንደ ጤና መጽሔት ይህን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ወሬው ስሕተት ነው። አንዲት ልጅ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸሟን ወይም አለመፈጸሟን ሳይክል መንዳት አይለውጠውም። ድንግልና የሚባለው ስስ ቆዳ ከተፈጥሮ ጀምሮ ከሴት ሴት ይለያያል፤ በእሱ ሁኔታ ስለ አንዲት ልጅ ያለፈ ሕይወት መናገር አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቀዋል። ስለዚህ በዚህ ወሬ ምክንያት ከሳይክል የቀራችሁ ካላችሁ ለእናታችሁም ለአባታችሁም በድፍረት አስረዱ።

ለሴት ልጅ ቅርብ መድረሻ ሌላም ጥቅም አለው። ሰፈሩ ያውቃታል፤ እሷም ሰፈሩን ታውቃለች። ሁለት ሦስት ሆኖ መሄድ፣ ሰው የሚበዛበትን መንገድ መምረጥ፣ የሚለክፍ ሰው ያለበትን ጥግ በሌላ ጎዳና ማለፍ ትችላለች። ወንድሞችም እዚህ ላይ ድርሻ አላችሁ። ጓደኛችሁ ስትለከፍ ዝም ማለት ከለካፊው ጋር መቆም ነው። ረጅም ቀሚስ ለለበሰች ደግሞ ጫፉን ሰብሰብ አድርጎ ማሰር ወይም ከሥር ሱሪ መልበስ ይበቃል፤ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ነው ዋናው ነገር።

ከመውጣታችሁ በፊት፦ ንፋስ፣ ፍሬን፣ ካቴና

በኪራይ ሳይክልም ቢሆን፣ ከወንድማችሁ ብትዋሱም፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳታዩ አትውጡ።

ንፋስ፦ ጎማውን በአውራ ጣት ጫን በሉት። የሚሰረጉድ ከሆነ በመንፊያ ይሞላ። የላላ ጎማ መንዳቱን ያከብደዋል፤ ካላማዳሪያውንም ያስበላል።

ፍሬን፦ የፊቱን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊት ግፉት፤ የኋላውንም እንዲሁ። ጎማው ከዞረ ፍሬኑ አልያዘም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሳይክል ቢረክስም አትከራዩት።

ካቴና፦ የላላ ወይም የደረቀ አለመሆኑን እዩ። መሐል መንገድ ላይ ከወለቀ ሚዛን ያስታል።

የመቀመጫው ቁመትም ይስተካከል። ለጀማሪ ተቀምጦ የሁለቱም እግር ጫፍ መሬት ቢነካ ይመረጣል። ሄልሜት ካገኛችሁ አድርጉ፤ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፍት ትቶ ግንባርን መሸፈን አለበት። ወደ ኋላ የተንጋደደ ሄልሜት ለፎቶ እንጂ ለግንባር አይሆንም።

የአራት ሳምንት ጉዞ

እስቲ ሁሉንም አንድ ላይ እናምጣው። በመጀመሪያው ሳምንት የአምስት ደቂቃ መድረሻ ምረጡ፤ ዳቦ ቤት ወይም የቅርብ ጓደኛ ቤት ይሁን። በሁለተኛው ሳምንት አሥር ደቂቃ አድርጉት፤ ቤተ መጻሕፍት ወይም ኳስ ሜዳ። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ መድረሻ በሌላ መንገድ ሄዳችሁ ሞክሩት፤ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላው ይኖራችኋል። በአራተኛው ሳምንት ሩብ ሰዓቱን ሙሉ ተጠቀሙበት፤ ሐይቅ ዳር፣ መናፈሻ፣ ሙዚየም፣ የክባችሁ ጫፍ ላይ ያለው የትኛውም ቦታ። የሄዳችሁበትን በደብተር ጻፉ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ደቂቃ፣ በመንገድ ያያችሁት አዲስ ነገር።

ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በብስክሌት ተወዳድሯል። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከእናንተ መካከል እንደነሱ የሚሆን ይኖር ይሆናል። ባይኖርም ግን ምን ችግር አለው? ዳቦ ሳይቀዘቅዝ ለቤት ያደረሰች፣ ለጥናት ሰዓት ሳያረፍድ የደረሰ፣ የከተማውን ውስጥ ለውስጥ መንገድ እንደ መዳፉ ያወቀ ሁሉ ብስክሌት ነጂ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ እርሳስና ክር አንሱና ክባችሁን ሥሩ። አሥሩን ቦታ ጻፉ። ከነሱ መሐል ለነገ ጠዋት የሚሆነውን አንዱን ምረጡና ፍሬናችሁን ፈትሻችሁ ውጡ። መንገዱ የሰላም ይሁንላችሁ!